«ደረስኩ» እና «ደረስኩለት»

ልጄ «ማም፣ ስለ አንድ ፓትሪዮት ራይድ ነው» ስትለኝ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም ነበር። ከበርክሌ መመለሴ ነው። የማስታምማቸው ፈረንጅ አሮጊት ቀኑን ሙሉ ሲያስነሱኝና ሲያስቀምጡኝ ውለው፣ ጉልበቴ የራሴ አልመስል ብሎኛል።

«ማን ነው ራይድ የሰጠው?» አልኳት።

ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። ምን ታድርግ፣ እኔስ ምን ላድርግ? እዚህ ኦክላንድ እኛ ሐበሾቹ ዘንድ ራይድ ማለት መኪና ያለው ለሌለው የሚሰጠው ነገር ነው። «እሁድ ቤተ ክርስቲያን ራይድ አለሽ?» ይባላል። «ራይድ አጥቼ ነው የቀረሁት» ይባላል። አርበኛ የተባለ ሰው በአሜሪካ አብዮት መሀል አንድ ደግ ሰው መኪናው ላይ ቢጭነው እኔ ምን ይገርመኛል?

«ፈረስ ነው ማም! ሆርስ!»

«እሺ፣ ፈረስ ይሁን። አትጩሂብኝ።»

ለካ ትምህርት ቤት የሰጧት ረጅም የትረካ ግጥም ነው። አንድ ሰው የጠላት ጦር መምጣቱን ይሰማና ፈረሱን አስነስቶ መንደር ለመንደር እየጋለበ ያስጠነቅቃል፤ ሰዉ ይነቃል፣ መሣሪያውን ያነሳል፣ ሀገር ይድናል። አነበበችልኝ። ግማሹን ሰምቻለሁ፣ ግማሹን ሶፋው ላይ አንቀላፍቼበታለሁ። ስነቃ ሰውዬው አሁንም እየጋለበ ነበር። መምህሯ ደግሞ ግጥሙ አልበቃ ብሏት «እናንተም ከቤተሰባችሁ አንድ ጉዞ ወስዳችሁ በግጥም ጻፉ፤ ዓርብ ቤተሰብ ባለበት ታነቡታላችሁ» ብላለች።

«የአያቴን እጽፋለሁ» አለች ልጄ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

እኛ ቤት የፈረስ ታሪክ አለ እንግዲህ። አባቴ ናቸው ባለታሪኩ። አሁን ከእኔና ከልጄ ጋር ሁለተኛ ፎቅ ላይ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል አፓርትመንት ይኖራሉ፤ ደረጃውን ለመውጣት ሦስት ጊዜ የሚያርፉ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ ሀገር አብዮት ዘመን ግን የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ፣ የወረዳ ቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ጠዋት ካድሬዎች ከአውራጃው ከተማ በጭነት መኪና ተነስተው በማግስቱ ሳይሆን የዛኑ ዕለት አንድ ሰው ሊይዙ እንደሚመጡ ቢሮ ውስጥ ሰሙ። የሚያዘው ሰው ከወረዳው ራቅ ያለች አንዲት ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ድሬሰር ነው። ድሬሰር ያኔ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ ነበር፤ ለገጠሩ ሰው ግን ከዚያ በላይ ሐኪም የለም። ጥፋቱ በጥይት የቆሰለ ወጣት አክሞ ማሸሹ ነበር። አባቴን ደግሞ እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ እንደ ታናሽ ወንድሙ ያስተማራቸው እሱ ነው። አባቴ የቢሮውን ፈረስ ሳያስፈቅዱ ፈትተው በአቋራጩ ጋለቡ። «ደረስኩ» ይላሉ ሲያወሩት። ድሬሰሩ ግን ተያዘ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። «እየተነገረው፣ አልሸሽም ብሎ ቁጭ አለ» ይባላል። የሀገሩ ሰው ይህን እያወራ ኖሯል፤ ሚስቱም እስክትሞት ድረስ በባሏ ኩራት ነበራት።

የድሬሰሩ ልጅ ግን አልኮራም። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን ሳን ሆዜ ነው የሚኖረው፤ የአውቶብስ መካኒክ ነው። ለእኛ ቤት ከወንድም በላይ ነው። ይህችን አፓርትመንት ያገኘልን እሱ ነው። እኔ ከሥራ መቅረት ሲያቅተኝ አባቴን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው እሱ ነው። በዓመት በዓል ሁሉ መጥቶ ጉልበታቸውን ይስማል፤ «አባቴን ሊያድኑ የሞከሩ እርስዎ ብቻ ነዎት ጋሼ» ይላቸዋል። የገዛ አባቱ ስም ሲነሳ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ዜግነት ሲወስድ ስም መቀየር ይቻላል ሲሉት የአባቱን ስም አውጥቶ የአያቱን አስገባ። ለምን ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

«እየተነገረው ቁጭ ያለ ሰው ነው» አለኝ። «ሚስትና ልጅ አለኝ አላለም። ጀግና መባሉን ነው የመረጠው። እንግዲህ ስሙን ራሱ ይሸከመው!»

ከዚያ በኋላ አንስቼበት አላውቅም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጄ ደብተሯን ይዛ አያቷ ፊት ተቀመጠች። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይከፍለኝ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ግጥም በእኔ አስተርጓሚነት አስረዳቻቸው። አባቴ በጥሞና ሰሙ፤ ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ።

«መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው አልገጠመውም?»

«ኖ፣ አባባ።»

«በር የሚያንኳኳው ከፈረሱ ሳይወርድ ነው?»

«ሳይወርድ።»

«እንዴት ዋላችሁ፣ እንዴት አመሻችሁ የለም?»

«አባባ! ጠላት እየመጣ ነው እኮ!» አለች፤ ይህቺን በአማርኛ ነው ያለቻት። እኔ በሳቅ ሞትኩ። አባቴ አልሳቁም። «ይገርማል» አሉ።

ከዚያ የራሳቸውን ታሪክ ጠየቀቻቸው። ፈረሱ ምን ዓይነት ነበር፣ ዳማ ነበር። ኮርቻስ ነበረው ወይ፣ ነበረው፣ ግን እርካቡ አንዱ የተቆረጠ ነው። ወንዙስ፣ ጎድሎ ነበር። እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። መጨረሻው ላይ «ከዚያማ ደረስኩ» አሉ። ተረጎምኩላት። ጻፈችና እርሳሷን ነክሳ ቀና አለች።

«ኢን ታይም?»

«በጊዜ ነው ወይ የደረሱለት ትላለች» አልኳቸው።

«ደረስኩ በያት።»

«አባዬ፣ እሱን ብያታለሁ። ለእንግሊዝኛው አይበቃም። ደረሱ ነው ወይስ ደረሱለት?»

እንዲሁ ነበር ያልኩት፣ ለመጨረስ ብዬ፤ የሚታጠብ ልብስ ተቆልሎ ይጠብቀኛል። አባቴ ግን ቀለማቸው ተለወጠ። ውሃ አምጪልኝ አሉ። አመጣሁ። ጠጡ። ልጄ እርሳሷን እንደያዘች ታያቸዋለች።

«ደረስኩ እንጂ ደረስኩለት ብዬ አላውቅም» አሉ።

ቆም ብዬ አሰብኩ። እውነት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በዓመት በዓሉም፣ በሠርጉም፣ በእንግዳውም ፊት የሰማሁት «ደረስኩ» ነው። የቀረውን የጨመርነው እኛ ነን። በእኛ ቋንቋ በዚህች ቃል ላይ አንዲት «ለት» ሰው ታድናለች፤ እሷን አባቴ አንድም ቀን ከአፋቸው አላወጡም። እኛ ሰምተናታል ግን። ሁላችንም።

ልጄን ወደ ክፍሏ ሸኘኋትና «ምን ማለትዎ ነው?» አልኳቸው።

ነገሩን አሳጥረው ነገሩኝ። ሲደርሱ መኪናው ቀድሟቸው ቆሟል። ከድሬሰሩ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በኋላ በድሬሰሩ ለቅሶ ላይ ሚስቱ አንገታቸውን አቅፋ «ደርሰህ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ደርሼ ነበር» አሉ። እሷ እንዳስጠነቀቁት ቆጠረችው። እሳቸውም አላረሟትም። ባሏ እየተነገረው እንዳልሸሸ አድርጋ ለልጇ ነገረችው፤ ለጎረቤት ነገረች፣ ታሪኩም እንደዚያው ሆኖ ቀረ።

«ያ ልጅ አባቱን ዕድሜ ልኩን የተቀየመው በእኔ ቃል ነው» አሉኝ። «ልነግረው ይገባል።»

ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር እሳት ነው የሆንኩት። «አሁን ነው የታየዎት? ይሄን ሁሉ ዓመት አፍዎን ማን ያዘው?» አልኳቸው። አባቴን እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ደግሞ ንዴቴ ሁሉ ለእውነት ያለኝ ፍቅር አልነበረም። ፈርቼ ነው። ያ ሰው ቢቀየመን ማን አለን? ቅዳሜ በሁለተኛው ሥራዬ ሄይዋርድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ አባቴን ማን ያይልኛል? ማክሰኞ ሐኪም ቤት ማን ይወስዳቸዋል? ደክሞኛል እኮ! አንዳንድ እውነት እንደተኛ ቢቀር ማን ይሞታል ብዬ አስቤአለሁ፤ አልዋሽም።

«ይተዉት አባዬ» አልኩ በመጨረሻ። «ለልጅቷም የሆነ ነገር ጽፈን እንሰጣታለን።»

ግድግዳው ግን ስስ ነው፣ ልጄ ሰምታለች። ብቅ አለችና ስልኳን አሳየችኝ። ለሳን ሆዜው ሰው ጽፋለታለች፤ ዓርብ መጥቶ ስለ አባባ ፈረስ የጻፈችውን እንዲሰማ። እሱም ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ እንደሚመጣ መልሷል፤ ሦስት ልብ ጨምሮበታል። «እሱ ፊት ውሸት አላነብም» አለችኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። የማን ልጅ እንደሆነች አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ልጄን ጎረቤት ተውኳትና ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ሰዓቱ ሰው ሁሉ ከሥራ የሚወጣበት ነው፤ ሄይዋርድ ላይ መንገዱ ቀጥ አለ። ከኋላ ጥሩንባ፣ ከፊት ቀይ መብራት። እግሬ ፍሬን ላይ ደነዘዘ። አባቴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ይሁን የሚሉትን ያጥኑ አላውቅም። አንዴ ብቻ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቢያባርረኝ ዝም በይ። አትመልሺለት» አሉኝ።

ሰውዬው ገና ከሥራ መግባቱ ነው፤ እጁ ላይ የአውቶብሱ ግራሶ አልለቀቀም። ሲያየን ደነገጠ። «ምነው፣ ሐኪሙ ምን አለ?» ነው ያለው መጀመሪያ። አይ፣ ደህና ናቸው አልኩት። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አባቴ ትከሻውን ያዙት።

«ዛሬ አትሳመኝ። መጀመሪያ ስማኝ።»

ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጥን። አባቴ ዳር ዳር አላሉም።

«ለአባትህ አልነገርኩትም። ሳልነግረው ነው የተያዘው» አሉት።

ሰውዬው ያልሰማ መሰለ። ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«መንገድ ላይ ለቅሶ ገጠመኝ» ቀጠሉ አባቴ። «ግማሽ መንገድ ላይ። የሞተችው የጓደኛዬ እናት ናት። ሰዉ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁሉም ያውቀኛል። እንዴት ብዬ በፈረስ ጋልቤ ልለፍ? ወረድኩ። ነፍስ ይማር ብዬ መንገዴን ልቀጥል ነበር። ‹ና ቁጭ በል› አሉኝ፣ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። የምሄድበትን መናገር አልችልም፤ ያኔ ማን ጆሮ ጠቢ እንደሆነ አይታወቅም። ቁጭ አልኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ።»

ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ቶሎ መነሳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ዛሬም ኦክላንድ ውስጥ፣ ለሥራ እየረፈደብኝ፣ ከለቅሶ ቤት ወንበር ላይ ሰው ያየኛል ብዬ መነሳት አቅቶኝ ያውቃል። ያ የልጄ ግጥም ውስጥ ያለው ፈረሰኛ ይሄ ዓይነት ሰው አልገጠመውም።

«ምን ያህል ቆዩ?» አለ ሰውዬው። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«አስከሬኑ እስኪወጣ። ከዚያም አብሬ እስከ ቀብሩ ሄድኩ።» አባቴ ከረባታቸውን አላሉ። «ይሉኝታ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። መነሳት እችል ነበር። ‹ታሞብኝ የምጠይቀው ሰው አለ› ብል ይለቁኝ ነበር። ፈርቼ ነው። ከእሱ ጋር ብያዝስ ብዬ። እዚያ ሰው መሀል ቁጭ ስል ቀለል ብሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ንፍሮው ጣፍጦኝ ነበር።»

ሰውዬው ብድግ አለ። ወደ ጓሮ በሩን ከፍቶ ወጣ። በመስታወቱ ይታየኛል፤ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አጥሩን እያየ ይቆማል። በቃ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ። ማክሰኞ መጣብኝ፣ ቅዳሜ መጣብኝ። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ። አባቴ አልተነቃነቁም። ብዙ ቆይቶ ተመለሰና አልተቀመጠም።

«አያውቅም ነበር ማለት ነው?»

«አያውቅም።»

«ማንም አልነገረውም?»

«ማን ይነግረዋል? እኔ ነበርኩ የምነግረው።»

«እኔ እኮ ሰድቤዋለሁ!» አለ። ጮኸ። «ሞቶም ሰድቤዋለሁ! ለልጄ ‹አያትህ ሰው አይወድም ነበር› ብዬዋለሁ! ጋሼ፣ ይሄን ያህል ዓመት ቤቴ ሲገቡ፣ ሲወጡ!»

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔም እንደታዘዝኩት ዝም አልኩ። ሰውዬው ሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በዚያ ግራሶ በነካው እጁ ሸፈነ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አይተውታል?» አለ።

«አይቼዋለሁ። ከቅንጭቡ አጥር ኋላ ሆኜ።»

«ምን ያደርግ ነበር?»

«ይህን ነው ያልነገርኩህ። ይህን ብነግርህ ተደብቄ ማየቴን መናገር ይሆንብኛል፤ እሱን ፈርቼ ነው የሸሸግኩት። አልታገላቸውም። ‹ልጄ ከትምህርት ቤት ይምጣና አይቼው ልሂድ› ብሎ ለመናቸው። አንደኛው ሰዓቱን አየ። ጥቂት ጠበቁት። መኪናው አጠገብ ቆሞ የትምህርት ቤቱን መንገድ ያያል። ሌላ ምንም አይልም፣ መንገዱን ብቻ ነው የሚያየው። አልመጣህም። ከዚያ ጫኑት።»

ሰውዬው እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ። ግንባሩ በግራሶው ጠቁሯል። ዓርብ የሚነበበውን ግጥም እኔ ረስቼዋለሁ፤ ድካሜንም ረስቼዋለሁ።

«ኳስ እየተጫወትን ነበር» አለ።

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ከትምህርት ቤት በጊዜ ነው የተለቀቅነው ያን ቀን። ኳስ ሜዳው ላይ ቆየን። እናቴ ትቆጣኛለች እያልኩ ቆየሁ። አንድ የጭነት መኪና በአጠገባችን አለፈ። መኪና ብርቅ ነው፣ ሮጠን መንገድ ዳር ቆመን እጃችንን አውለበለብን።» ቀኝ እጁን አነሳና እሱኑ አየው። «አውለብልቤለታለሁ ጋሼ። ከኋላ ሸራ ነበረው፤ ማን እንዳለ አይታይም። እየሳቅኩ ነው ያውለበለብኩት።»

አባቴ ከወንበራቸው ለመነሳት ሞከሩ፣ አቃታቸው፤ ክንዳቸውን ይዤ አነሳኋቸው። ሄደው አጠገቡ ቆሙ። እጃቸውን ራሱ ላይ ሊያደርጉ ፈልገው ሳይደፍሩ አየር ላይ ቀረ።

«አንተማ ልጅ ነበርክ» አሉት። «ምን ታውቃለህ? ልጅ እኮ ነበርክ።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያቸው፤ ረጅም ጊዜ፣ እንደማያውቃቸው ሰው።

«እርስዎስ ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ሃያ አንድ።»

«የእኔ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው» አለ። «እስካሁን መርፌ ሲወጉት እጄን ይይዛል።»